መተማ፣ ለሁለት የገበረች በር

ከምሥራቅ ጎጃም ደጋ እስከ ሱዳን ጠረፍ፦ የአንዲት ትንሽ መሻገሪያ ታሪክ

መስቀል ካለፈ በኋላ የሞጣና የቢቸና መናኸሪያዎች በአንድ ዓይነት መንገደኛ ይሞላሉ። አብዛኛው ወጣት ወንድ ነው። ትከሻው ላይ ጋቢ ወይም ስስ ብርድ ልብስ ጣል አድርጓል፤ ማጭዱን በጆንያ ጠቅልሏል፤ በፌስታል እናቱ ያዘጋጀችለትን በሶ ይዟል። "የኔ ልጅ፣ ወባውን ተጠንቀቅ" ትለዋለች። "እሺ እማዬ" ይላል፤ ዓይኑ ግን ቦታ እንዳያጣ መኪናው ላይ ነው። ወዴት እንደሚሄድ ለጠየቀው መልሱ አጭር ነው፦ "ቆላ።"

ጊዜው በአጋጣሚ አልመጣም። በምሥራቅ ጎጃም ደጋ ጤፉ ታርሞ ያለቀበት፣ አጨዳው ግን ኅዳርንና ታኅሣሥን የሚጠብቅበት ወር ነው። በመተማና በቋራ ቆላ ሰሊጥ የሚደርሰው ደግሞ በዚሁ በመስከረም ማብቂያና በጥቅምት ነው። ጉልበት ያለው ልጅ ቆላ ወርዶ የሰው ሰሊጥ ያጭድና ለአባቱ ጤፍ ይመለሳል። በመካከል የሚያገኛት ገንዘብ ለማዳበሪያ ዕዳ፣ ለበሬ መግዣ፣ ለሠርግ ትውላለች።

መኪናው ከሞጣ ተነሥቶ በአዴት በኩል ባሕር ዳር ይገባል፤ ከዚያ ጎንደር። ከአዘዞ ወደ ምዕራብ ይታጠፍና ጭልጋ አይከልን አልፎ ቁልቁለቱን ይያያዘዋል። ሞጣ ወደ 2 ሺህ 500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ያለች የደጋ ከተማ ናት፤ መተማ ዮሐንስ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ብቻ ናት። ጋቢ ለብሶ ከቤቱ የወጣው ልጅ ገንዳ ውኃ ሲደርስ የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታል።

መንገዱ የሚያበቃው መተማ ዮሐንስ ላይ ነው። ከከተማዋ ጫፍ በክረምት የምትሞላ፣ በበጋ የምትደርቅ ትንሽ ወንዝ አለች፤ በላይዋም አጭር ድልድይ። ከድልድዩ ወዲያ ገላባት ነው፤ ሱዳን። ወዲህ በብር፣ ወዲያ በጊኒ ይገበያያሉ፤ ወዲህ አማርኛ፣ ወዲያ ዐረብኛ ይበዛል። ነጋዴውና ደላላው ግን በሁለቱም ቋንቋ ይከራከራሉ፣ በሁለቱም ገንዘብ ይቆጥራሉ።

በትምህርት ቤት መጽሐፍ መተማ አንድ ቀን ናት፦ መጋቢት 1 ቀን 1881፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የተመቱባት ዕለት። ያ ቀን ሊዘነጋ አይገባውም። ነገር ግን መተማ ከዚያ ቀን በፊትም በኋላም ገበያ ነበረች። ታሪኳን ከገበያዋ በኩል ላየ ሰው አንድ እውነት ጎልቶ ይታየዋል። ይህች መሻገሪያ የለማችው ለሁለቱም ወገን በገበረችበት ዘመን ነው፤ አንዱ ወገን ብቻዬን ልያዛት ባለ ቁጥር ተቃጥላለች። ዋጋውን የከፈለውም ብዙውን ጊዜ ከሩቅ የመጣ ገበሬ ነው። ከከፋዮቹ መካከል ጎጃሜው የፊተኛውን ረድፍ ይዞ ኖሯል።

የተክሩሪዎች ገበያ

መተማን ገበያ ያደረጓት ከሁለቱም አገር ያልነበሩ ሰዎች ናቸው። ተክሩሪ የሚባሉት እነዚህ ሙስሊሞች ከዳርፉርና ከዚያም ወዲያ ከምዕራብ አፍሪካ ተነሥተው ወደ መካ ለሐጅ የሚጓዙ ነበሩ፤ በመንገዳቸው ላይ ያለው ይህ ጠረፍ ስለተመቻቸው ብዙዎቹ እዚያው ቀሩ። ጥጥና ማሽላ አረሱ፣ ገበያ አቆሙ፣ በራሳቸው ሼህ ይተዳደሩ ጀመር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1764 ከጎንደር ወደ ሱዳኑ ስናር ሲወርድ ያለፈው በዚሁ አካባቢ፣ ያኔ ራስ ኤል ፊል ይባል በነበረው አገር በኩል ነው።

የመተማ ገበያ የሚመገበው ከሩቅ ነበር። ከደቡብ ምዕራቡ እናርያ የተነሣ ቡና፣ ወርቅ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ አባይን ተሻግሮ በምሥራቅ ጎጃም ባሶ ገበያ ያርፋል፤ ዛሬ የጁቤ በምትባለው ከተማ አካባቢ። ከባሶ ወደ ጎንደር ይወጣል፤ ከጎንደር ወይ ወደ ምጽዋ ወይ ወደ መተማ ይከፈላል። ከደጋው ማርና ሰም፣ ቆዳና በቅሎ ይወርዳል፤ ከሱዳን ጥጥ፣ ጨርቅ፣ ዶቃና የማርያ ቴሬዛ ብር ይወጣል። ስለዚህ የጎጃም ሰው መተማን የተዋወቃት ከሰሊጡ ብዙ ዘመን ቀድሞ ነው፤ የጀበርቲ ነጋዴዎች ጭነት በደጁ ሲያልፍ ኖሯል።

በዚያ መንገድ ሰውም ተነድቶ ወርዷል። መተማ የታወቀች የባሪያ ገበያ ነበረች። በ1850ዎቹ መጀመሪያ በዚያ ያለፈው እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የመጡ ልጃገረዶች ለሽያጭ ቀርበው ማየቱን ጽፏል። የገበያዋን ብልጽግና የሚያወሳ ሰው የእነዚያን ልጆች መንገድም አብሮ ማውሳት አለበት፤ ከመተማ ካዝና የገባው ብር አንዱ ክፍል የእነሱ ዋጋ ነበርና።

ተክሩሪዎቹ ይህን ሁሉ ንግድ ያቆዩት በአንድ ዘዴ ነው፤ ለሁለት ገበሩ። በምሥራቅ በኩል ለኢትዮጵያ፣ በምዕራብ በኩል መጀመሪያ ለስናር፣ ከ1813 ወዲህ ደግሞ ስናርን ለያዘችው ግብጽ። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የነበሩት ሼህ ጁማ ሁለቱንም ወገን በግብር አስታግሠው ገበያቸውን ያስተዳድሩ ነበር። የኢትዮጵያ ኬላ የነበረው መተማ ላይ ሳይሆን ወደ ደጋው ገባ ብሎ ወህኒ ላይ ነው። በ1858 ኅዳር የንግሥት ቪክቶሪያን ደብዳቤ ይዞ ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ የመጣው ሆርሙዝድ ራሳም የንጉሠ ነገሥቱን መልስ ሲጠብቅ የሰነበተው መተማ ነበር፤ ከዚያ ወደ ወህኒ ወጥቶ ነው በንጉሡ ሰዎች እጅ የገባው። በወህኒና በመተማ መካከል ያለው በረሃ የማንም አልነበረም ማለት አይደለም፤ የሁለቱም ነበር።

እሳቱ

ግብጽ በ1860ዎቹ መተማን ብቻዋን ልትይዝ ጦር አሰፈረች። ብዙም ሳይቆይ በሱዳን የማህዲ ንቅናቄ ተነሥቶ የግብጽ ጦር በየምሽጉ ተከበበ። ግብጽን በእጇ ያስገባችው እንግሊዝ በግንቦት 1876 ከዐፄ ዮሐንስ ጋር በዐድዋ ውል ተዋዋለች። በውሉ መሠረት ኢትዮጵያ የተከበቡት የግብጽ ወታደሮች በምድሯ በኩል እንዲወጡ ረዳች፤ የገላባቱም ጦር በዚሁ መንገድ ወጣ። ለእንግሊዝ ውለታው ይኸው ነበር። ለኢትዮጵያ የተረፋት ደግሞ የድርቡሽ፣ ማለትም የማህዲ ተከታዮች፣ ጠላትነት።

ጦርነቱን መጀመሪያ የተቀበለው የጎጃም ጦር ነው። በጥር 1879 የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጦራቸውን ይዘው ወደ መተማ ወረዱ፤ የድርቡሹን አዛዥ ወድ አርባብን ገድለው ከተማዋን አቃጠሉ። በዓመቱ በጥር 1880 የድርቡሹ አዛዥ አቡ አንጃ በብዙ ሺህ ጦር ወደ ደንቢያ ወጣና ሳር ውኃ ላይ የጎጃምን ጦር ሰበረ። ከዚያ ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፣ ሕዝቡን ማረከ። ከአባይ ማዶ ከየመንደሩ የወጣ ገበሬ በደንቢያ ሜዳ ቀረ።

ለጎጃም መከራው በዚያ አላበቃም። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ለማመፅ ተማክረዋል በሚል ዐፄ ዮሐንስ በ1881 መጀመሪያ ጦራቸውን ወደ ጎጃም አዞሩ። የዘመተው ሠራዊት የገበሬውን እህልና ከብት ጨረሰ። ዘመኑ የከብት እልቂትና ረኃብ የተከታተሉበት ክፉ ቀን የጀመረበትም ነው። በድርቡሽ የተሰበረ አገር በራሱ ንጉሠ ነገሥት ጦር እንደገና ተጎዳ።

በታኅሣሥ ወር ዐፄ ዮሐንስ ለአቡ አንጃ ደብዳቤ ጻፉ። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፦ እኛ እርስ በርሳችን ስንጫረስ አውሮፓውያን ሁለታችንንም ይውጡናል፤ ስለዚህ ታርቀን ነጋዴው እንደ ድሮው ከጎንደር ወደ ሱዳን ይመላለስ። መልሱ ስድብና "እስልምናን ተቀበል" የሚል ነበር። ያ ደብዳቤ ከኢትዮጵያ ታሪክ ሰነዶች ሁሉ ይበልጥ ሊነበብ ከሚገባቸው አንዱ ይመስለኛል። ንጉሠ ነገሥቱ የመተማን ጥቅም በትክክል ያዩት፣ ሊዘምቱባት በተሰናዱበት ወር ነው።

መጋቢት 1 ቀን 1881 የኢትዮጵያ ጦር መተማ ላይ የድርቡሹን የእሾህ ዘሪባ ጥሶ ገባ። ድል በእጅ ገብቷል ሲባል ዐፄ ዮሐንስ በጥይት ቆሰሉ፤ ወሬው ሲሰማ ሠራዊቱ ተፈታ። ንጉሠ ነገሥቱ በቁስላቸው ሞቱ። አስከሬናቸውን ይዞ ያፈገፈገውን ጓድ የድርቡሹ አዛዥ ዘኪ ጡማል አትባራ ወንዝ አጠገብ ደረሰበት፤ ራስ አርአያ ድምፁ አስከሬኑን ሲጠብቁ ወደቁ። የንጉሠ ነገሥቱ ራስ ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተላከ። የከተማዋ ስም መተማ ዮሐንስ የሆነው በእሳቸው መታሰቢያ ነው።

መስመሩ

የማህዲን መንግሥት ያጠፋችው እንግሊዝ ሱዳንን ከያዘች በኋላ ለድንበሩ ወረቀት ፈለገች። ግንቦት 7 ቀን 1894 በአዲስ አበባ ከዐፄ ምኒልክ ጋር ውል ተፈረመ፤ በ1895 ሻለቃ ቻርልስ ግዊን መሬቱን እየለካ ምልክት አቆመ። ምልክቱ ሲቆም ከጎኑ የኢትዮጵያ ተወካይ አለመኖሩ እስከ ዛሬ ላለው ክርክር በር ከፈተ። መተማን በተመለከተ ግን መስመሩ ገበያዋን ከሁለት ከፍሏት አለፈ፦ ገላባት ለሱዳን፣ መተማ ለኢትዮጵያ። ለሁለት ትገብር የነበረችው አንዲት ከተማ ሁለት ከተማ ሆነች።

ጣልያን ኢትዮጵያን በያዘበት ዘመን ይህ ጠረፍ የጎጃም አርበኞች መተንፈሻ ነበር። ልጅ በላይ ዘለቀ በቢቸና፣ ሌሎችም በየአውራጃቸው ሲዋጉ፣ መሣሪያና መልእክት የሚመጣው ከሱዳን በኩል ነው። በነሐሴ 1932 ኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ የሚመራው ሚሽን 101 የተባለው የእንግሊዝ ቡድን ከመተማ በስተ ደቡብ በኩል ሾልኮ ጎጃም ገባ። ጣልያኖች ገላባትን የያዙት ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ በሰኔ ማብቂያ ነበር። በጥቅምት 27 ቀን 1933 ብርጋዴር ዊልያም ስሊም የሕንድ ጦር ይዞ ገላባትን አስለቀቀ፤ ወንዟን ተሻግሮ መተማን ለመያዝ ግን አልቻለም። ታንኮቹ በድንጋይና በፈንጂ ቆሙ፣ የጣልያን አውሮፕላኖች ሠራዊቱን ደበደቡት፣ አፈገፈገ። ጣልያኖች መተማን የለቀቁት በጥር ነው። ጥር 12 ቀን ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከመተማ በስተ ደቡብ በኦሜድላ ገቡና ጎጃምን አቋርጠው ሚያዝያ 27 ቀን 1933 አዲስ አበባ ደረሱ። ያን ጊዜ የጠረፉ ክፍት መሆን ለአገር ነፃነት ሆነ።

የሸሹት

ከ1966 አብዮት በኋላ መተማን የሚሻገረው ነጋዴ ብቻ መሆኑ ቀረ። የኢትዮጵያ ዴሞክራቲክ ኅብረት ተዋጊዎች በ1969 ሁመራንና መተማን ያዙ፤ ደርግ መልሶ ወሰዳቸው። ቀይ ሽብር፣ ጦርነትና ድርቅ ያሳደዱት ሕዝብ ወደ ሱዳኑ ገዳሪፍ ጎረፈ። ከጎንደር ገጠሮች የተነሡ ቤተ እስራኤላውያን በ1976 እና በ1977 በሌሊት እየተጓዙ በዚህ ጠረፍና በአካባቢው ባሉ የእግር መንገዶች ሱዳን ገቡ። በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች ወደ 4 ሺህ የሚጠጉ እንደሞቱ ይነገራል፤ በኢየሩሳሌም በየዓመቱ ይታሰባሉ።

ዘመኑ ሲለወጥ ደግሞ ጉዞው ተገለበጠ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 በካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ በአስር ሺህዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ መተማ ገቡ፤ ሱዳናውያን፣ ለሥራ ሄደው የነበሩ ኢትዮጵያውያን፣ የብዙ አገር ዜጎች። ኩመርና አውላላ የተባሉ መጠለያዎች ተከፈቱ። የሸሹት ሰዎች የደረሱበት አካባቢ ግን በራሱ ግጭት ውስጥ ነበር፤ ስደተኞቹ ተዘረፉ፣ ታገቱ፣ ብዙዎች መጠለያውን ጥለው መንገድ ዳር ሰፈሩ። እንግዳ መቀበል ባህላችን ነው ስንል የኖርን ሰዎች ይህን በኀፍረት ልናስታውሰው ይገባል።

በሩ ራሱም እየተዘጋ እየተከፈተ ነው። በታኅሣሥ 2013 የሱዳን ጦር ሁለቱ አገሮች ወደሚወዛገቡባቸው የአልፋሽጋ እርሻዎች ከገባ በኋላ በተፈጠረው ውጥረት የገላባት መሻገሪያ በ2013 እና በ2014 ተዘግቶ ነበር። በ2016 ማብቂያም በአማራ ክልል ባለው ውጊያ ምክንያት ሱዳን እንደገና ዘጋችው። በሩ ሲዘጋ ባለሥልጣኑ መግለጫ ያወጣል፤ የጫነው ሽንኩርት የሚበሰብስበት፣ የተበደረው ገንዘብ የሚወልድበት ግን ሌላ ሰው ነው።

ሰሊጡና በሽታው

ወደ ሞጣው ልጅ ልመለስ፤ የዛሬዋን መተማ የሚያቆማት የእሱ ጉልበት ነውና።

ሰሊጥ ጊዜ የማይሰጥ ሰብል ነው። ፍሬው ያለበት ቆባ ሲደርቅ በራሱ ይከፈትና እህሉ መሬት ላይ ይፈሳል። ስለዚህ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር፣ ቆባው ሳይከፈት፣ ሁሉም በጥቂት ቀናት ውስጥ መታጨድ አለበት። የታጨደው በነዶ ታስሮ ራሱ ወደ ላይ ቆሞ እንዲደርቅ ይደረጋል፤ ከዚያ በሸራ ላይ ተገልብጦ ይራገፋል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገውን ጉልበት የአካባቢው ሕዝብ ብቻውን ሊሸፍነው አይችልም። በየዓመቱ ከጎጃም፣ ከደጋው ጎንደር፣ ከወሎ ሰው የሚወርደው ለዚህ ነው። ሰሊጥ ከቡና ቀጥሎ ለኢትዮጵያ የውጭ ምንዛሪ ከሚያስገኙት ዋና ዋና ምርቶች አንዱ ነው፤ የዚያ ምንዛሪ መነሻ የዚህ ልጅ ማጭድ ነው።

ልጁ ሲመሽ የሚተኛው አጎበር በሌለበት፣ ሜዳ ላይ ወይም ግራር ሥር ነው። የቆላው ጥቁር ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ካላዛር የተባለውን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትራባው በዚያ ስንጥቅና በዛፎቹ ሥር ነው። በሽታው ጣፊያን፣ ጉበትንና መቅኔን ያጠቃል። ትኩሳቱ ለሳምንታት አይለቅም፣ ሰውነት ይከሳል፣ ሆድ ያብጣል። ካልታከሙት ይገድላል። ክፋቱ ምልክቱ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ልጁ ወደ ደጋ ከተመለሰ በኋላ መሆኑ ነው። በደጋ ጤና ጣቢያ ወባ ነው፣ ታይፎይድ ነው እየተባለ ወራት ያልፋል። ኤችአይቪ ካለበት ደግሞ ሕክምናው ይከብዳል፣ በሽታው ይመላለሳል።

በ1997 በደቡብ ጎንደሩ ሊቦ ከምከም የሆነው ይህን ያስረዳል። በመጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው የተባለው ወረርሽኝ ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ከሁመራና ከመተማ የተመለሱ ሠራተኞች ይዘውት እንደመጡ ይታመናል፤ ቆላ ወርደው የማያውቁ ሴቶችና ሕፃናትም ሞቱበት። ከዚያ ወዲህ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የካላዛር ምርምርና ሕክምና ማዕከል ብዙ ሠርቷል፤ ለ17 ቀን በመርፌ የሚሰጠው ጥምር ሕክምና ብዙዎችን አድኗል። ነገር ግን መድኃኒቱ ያለው ጎንደር፣ በሽተኛው የተኛው ሞጣ ወይም ቢቸና ገጠር ከሆነ ርቀቱ ራሱ ገዳይ ነው።

ምን ይደረግ?

የመተማ ታሪክ ለዛሬ የሚሰጠው ትምህርት ግልጽ ነው። መሬቱን ለክቶ ማካፈል የመንግሥታት ሥራ ነው፤ ይጨርሱት፣ በውል ይጨርሱት። ክርክሩ እስኪያልቅ ግን ጠረፈኛው ነጋዴ፣ አራሽና ስደተኛ የሚተላለፉበት በር በእያንዳንዱ ቁጣ መዘጋት የለበትም። ተክሩሪዎቹ በግብር ለዘመናት ያቆዩትን ገበያ ሁለት መንግሥታት ሊያቆዩት ያቅታቸዋል ብዬ አላምንም።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይቀርባል፣ ከጎረቤት ስምምነትም አይጠብቅም። የሰሊጥ እርሻ ባለቤቶች ለሚቀጥሩት ሠራተኛ መጠለያና አጎበር የማቅረብ ግዴታ ሊኖርባቸው ይገባል። ሠራተኛው ከቆላ ሲመለስ በሚያልፍባቸው በገንዳ ውኃ፣ በአዘዞና በባሕር ዳር ትኩሳት ያለበት ሰው የካላዛር ምርመራ ሊያገኝ ይገባል፤ ምርመራው ከጣት በሚወሰድ ደም በደቂቃዎች የሚያልቅ ነው። የሞጣና የቢቸና ሆስፒታሎች ደግሞ ሁለት ሳምንት ያለፈው ትኩሳት ይዞት የመጣን ወጣት ከሁሉ አስቀድመው አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፦ "ቆላ ወርደህ ነበር?"

በ1879 እና በ1880 ከጎጃም ወጥተው በመተማና በሳር ውኃ የቀሩትን ገበሬዎች ስም ማንም አልመዘገበውም። ዛሬ የሚወርዱት ልጆቻቸው ግን በየመናኸሪያው፣ በየእርሻው፣ በየጤና ጣቢያው ሊመዘገቡ ይችላሉ፤ ይህ ደግሞ ጦር አያስፈልገውም፣ ውል አያስፈልገውም፣ የሚያስፈልገው ሰው ብለን መቁጠራችን ብቻ ነው።